ቅንፍ ውስጥ ያለ ትንፋሽ

ጸሐፊዋ የከንቲባውን ንግግር በጽሕፈት ማሽን መጻፍ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ከሚስቱ ቀጥሎ ሰውየውን የምታውቀው እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚስቱ ሳሉን ታውቃለች፤ ጸሐፊዋ ዓረፍተ ነገሩን። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመስኮቱና በመደርደሪያው መካከል እየተንጎራደደ ሲያስጽፋት፣ አንዴ ከአፉ የወጣች ቃል አትመለስም ነበር። «እስቲ አንብቢልኝ» ብሎ አያውቅም። «አላውቅም» የሚለው ቃልማ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በጣቷ አላለፈም።

ከዚያ ልቡን ታመመ፤ ደረቱም ተከፈተ። ሐኪሞቹ ልቡን አቁመው፣ ደሙን በማሽን እያዘዋወሩ፣ ከእግሩ በወሰዱት የደም ሥር ለተደፈኑት ሥሮች መተላለፊያ ሠሩለት። በሁለተኛው ወር ቢሮ ሲመለስ ከስቶ፣ ብብቱ ሥር ትንሽ ትራስ ሸጉጦ ነበር። ሳል ሲመጣበት የተሰፋው ደረቱ እንዳያመው ትራሱን ጥብቅ አድርጎ ያቅፋል።

«ድሮ ልብ የለውም እያልን ስናማው ነበር» አለ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፤ ወሬ ስለማያመልጠው ሬዲዮ ይሉታል። «ለካስ ነበረው! ይኸው ሐኪም አይቶ መሰከረለት።»

«አፍህን ያዝ፣ ይሰማሃል» አለችው ጸሐፊዋ። ሳቋን ግን መያዝ አልቻለችም።

በዚያው ቀን ከንቲባው ስለ ውኃ ያስጽፋት ጀመር። መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን እያልኩ ነበር?»

አነበበችለት። ሰምቶ ሲያበቃ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «እናንተ ሰፈር ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?»

«ሁለት ቀን፣ ክቡር ከንቲባ። አንዳንዴ አንድ።»

«አላውቅም ነበር» አለ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ የጻፉት አቤቱታ መጣ። ጤና ጣቢያው ደጅ ተራ የሚጠብቅ ሕመምተኛ የሚያርፍበት አግዳሚ ወንበር የለም ይላል። ድሮ ቢሆን «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብሎ ያልፈው ነበር። አሁን ግን ሁለቴ አነበበና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ነገሩ ጸሐፊዋን አስገረማት። የደብተሯን የመጨረሻ ገጽ በመስመር ለሁለት ከፈለችው። በግራ የረሳውን ጻፈች፦ የሾፌሩን ስም ሳተ፤ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። በቀኝ አዲስ ያመጣውን ጻፈች፦ አመሰገነ፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀ። ልብ ቆሞ ሳለ ሰውየው የት ቆየ? ሲመለስስ ማንን ይዞ መጣ? እያለች ታሰላስል ነበር። አላስችል ሲላት ለሚስቱ ደወለች።

«እኔም ግራ ገብቶኛል፣ እህቴ» አለቻት። «ሠላሳ ዓመት ጨው በዛ ሲለኝ የኖረ ሰው ትናንት እጅሽ ይባረክ አለኝ። ደንግጬ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ! ሐኪሙ እንዲህ ያለ መርሳትና ሆደ ባሻነት አንዳንድ ሰው ላይ ይታያል፣ ብዙውን ጊዜ በወራት ይለቃል ብሎኛል።»

«የሚለቀው የቱ ነው? መርሳቱ ነው ምርቃቱ?»

«እሱንማ ሐኪሙም አላወቀው።»

የደብተሩ ወሬ በመዝገብ ቤቱ ሬዲዮ በኩል ምክትል ከንቲባው ጆሮ ገባ። መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተደገፈ። «ሐሙስ ምክር ቤቱ ሰውየው በሥልጣኑ ይቆይ አይቆይ ይወስናል። ደብተሩን ስጪኝ። ለራሱም ጤና ነው።»

«እርስዎ ግራውን ብቻ ነው የሚያነቡት» አለችውና ደብተሩን መሳቢያ ከትታ ቆለፈችበት። ብትሰጥ ሰውየው ይወርዳል። ብትደብቅ ደግሞ የሚረሳ ሰው ከተማ ይመራል።

የሐሙሱን ንግግር በትልልቅ ፊደል፣ በአጭር በአጭሩ ጻፈችለት። ትንፋሽ ያጥረው ስለነበር በየቦታው በቅንፍ «እዚህ ላይ ይተንፍሱ» ብላ አከለችበት። በቅንፍ ያለው እንደማይነበብ ጠዋት ልትነግረው አስባ ነበር። እሱ ግን ከሐኪም ቀጠሮ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄደ፤ ወረቀቱን ያቀበለው ሾፌሩ ነው።

ንግግሩ ጥሩ ጀመረ። «የውኃውን መስመር እንቀይራለን። እዚህ ላይ ይተንፍሱ» አለ ከንቲባው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ለእሳቸው የተባለ መስሏቸው በረጅሙ ተነፈሱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምክትሉ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። ጸሐፊዋ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ድሮ በአንዲት ፊደል ግድፈት ሰው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ያዛወረ ጌታ ነው።

ከንቲባው ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ትራሱን አቅፎ እስኪደክመው ሳቀ።

«ይህን የጻፈችው ይቺ እህቴ ናት» አለ። እህቴ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «የምረሳውን የምትጽፍበት ደብተር እንዳላት አውቃለሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ተከፍቶ አይቼዋለሁ። ነይ አንብቢላቸው።»

«ሁለቱንም ወገን ከሆነ አነባለሁ» አለች።

«ሁለቱንም።»

ምክትሉ እንዳያገኘው ይዛው የመጣችውን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ ግራውንም ቀኙንም አነበበች።

«ሥራውን ትችለዋለህ ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም» አለ ከንቲባው። «እናንተ ፍረዱ።»

ምክር ቤቱ ብዙ ተከራክሮ፣ ከንቲባው ለስድስት ወር ብቻውን እንዳይፈርምና ከዚያ በኋላ እንደገና እንዲታይ ወሰነ። ደብተሩም እዚያው ጸሐፊዋ ዘንድ እንዲቆይ ተባለ።

የግራው ዝርዝር ከወር ወር እያጠረ ሄደ። በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ከንቲባው እንደ ድሮው እጁን አጣምሮ፣ ሳይቆም ሳይጠይቅ አራት ገጽ አስጻፋት። ጸሐፊዋ ደስ ሊላት ሲገባ ሰጋች። መርሳቱ ሲወጣ ምርቃቱንም ጎትቶት ወጣ ይሆን?

ኮቱን ለብሶ በሩ ጋ ደረሰና ዞር አለ።

«ዛሬ እናንተ ሰፈር ውኃ መጣ?»

«መጣ፣ ክቡር ከንቲባ።»

በሩ ሲዘጋ መሳቢያዋን ከፍታ በቀኝ በኩል ጻፈችው።