የማታውቃቸው ሰዎች ታዛቢ

ልብስ ሰፊዋ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ የተቃዋሚው ፓርቲ ታዛቢ ስትሆን ከፓርቲው ሰው አንዱን እንኳ በዓይኗ አይታ አታውቅም። የመረጣት ተቃዋሚው ሳይሆን ገዢው ፓርቲ ነበር። ሕጉ የቆጠራው ወረቀት በተቃዋሚ ታዛቢ ካልተፈረመ በር ላይ አይለጠፍም ይላል። ተቃዋሚው ደግሞ በየጣቢያው የሚያስቀምጠው ሰው አልነበረውም። ስለዚህ የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ራሱ ፈልጎ ይመድብለታል። ጸጥ ያለች፣ መጻፍና ማንበብ የምትችል፣ ከሰው የማትጣላ ሴት ሲፈለግ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ አረፈ። የስፌት መኪናዋ የቆመው በዚያው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ስለነበር ለጥሪም ቅርብ ነበረች። የበረንዳው ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን ማንም አላነሳባትም። ማንሳትም አላስፈለገ።

ምርጫ በመጣ ቁጥር መሰላል የታተመበት ባጅ ደረቷ ላይ ታደርጋለች። መሰላል የተቃዋሚው ምልክት ነው፤ የገዢው ቁልፍ። ምሳዋን፣ እንቁላል የገባበት ዳቦና አንድ ለስላሳ፣ የሚያመጣላት የገዢው ፓርቲ ሰው ነው። ሰፈርተኛው "መሰላሏ" የሚል ስም አወጣላት። ሱሪ ሊያሳጥሩ የሚመጡት ዘንድሮስ ስንት ደረጃ ትወጫለሽ እያሉ ሲቀልዱባት አብራ ትስቃለች።

አንድ ነገር ግን ትሠራለች፤ ትቆጥራለች። ማንም አላዘዛትም። ቁልፍና ክር ስትቆጥር የኖረች ሴት ሌላ ሰው ሲቆጥር እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አይሆንላትም። መሰላል አሥር በሞላ ቁጥር እጅጌዋ ጫፍ ላይ አንድ መርፌ ቁልፍ ትሰካለች። በመጀመሪያው ምርጫ መሰላል አስራ አንድ ድምፅ አገኘ፤ በሁለተኛው ዘጠኝ፤ በሦስተኛው አስራ አራት። ሦስቱንም ጊዜ የሷ ቁጥርና ወረቀቱ አንድ ስለነበሩ ፈርማ ወደ ቤቷ ገባች። ዋሽታ አታውቅም፤ እንድትዋሽም አልተጠየቀችም።

በአራተኛው ምርጫ ሰፈሩ ውኃ ካጣ ስምንት ወር ሆኖት ነበር።

የምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤት ነው፤ የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ የታናሽ እህቷ ባል፣ የሂሳብ መምህሩ። ከቀትር በኋላ ኮሮጆው ተከፍቶ ወረቀቶቹ ሁለት ዴስክ ላይ ተዘረገፉ። መምህሩ አንድ በአንድ እያነሳ "ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ መሰላል" ማለት ጀመረ። ሰላሳኛው መሰላል ላይ ድምፁ ወረደ። ሰማንያ ሲደርስ ሹክሹክታ ሆነ። ከመቶ በኋላ መጥራቱን ትቶ ወረቀቱን ዝም ብሎ ያስቀምጥ ጀመር። እሷ ግን የሚያስቀምጥበትን ታያለች። ሲያበቃ እጅጌዋ ላይ ሃያ አንድ መርፌ ተሰክቷል፤ ሁለት ተርፏል። ከአራት መቶ አስር ሰው ሁለት መቶ አስራ ሁለቱ መሰላልን መርጧል።

የጽሕፈት ቤቱ ወጣት ኃላፊ፣ ክላሰሩ ከብብቱ ስለማይጠፋ "ፋይል" የሚሉት፣ ስልክ ሊያናግር ወጣ። ተመልሶ የራሱን ቁጥር ሞልቶ አስፈረመ። ወረቀቱ እሷ ጋ ሲደርስ መሰላል አስራ ዘጠኝ ይላል።

"እትዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ" አላት መምህሩ ወረቀቱን እያየ።

"ሁለት መቶ አስራ ሁለት ነው።"

ፋይል ፈገግ አለ። "እማማ፣ ደግሞ እርስዎን ማን ቁጠሩ አለዎት?"

"ታዛቢ አይደለሁም እንዴ?"

"የማን ታዛቢ? አንቺ እኮ የኛው ነሽ" አለ፤ እርስዎ ማለቱንም በዚያው ተወው።

መምህሩ ወደ ኮሪደሩ ይዟት ወጣ። ስለ በረንዳው አነሳ፤ በወሩ መጨረሻ ፈቃዱ ይታደሳል። ስለ እህቷ አነሳ፤ ስለ ልጆቹ። እሱም ፈርሟል፤ ምን ያድርግ? ወረቀቱ ላይ የምትጽፈው አገር እንደማይቀይር አስረዳት። እሷም እንደማይቀይር አመነችለት።

"ታዲያ ለማያውቋቸው ሰዎች ብለው ነው ራስዎን የሚጥሉት?"

"ደንበኛ ጨርቁን ትቶልኝ ሲሄድ መልኩን ስለማላውቀው ልቀንስበት?" አለችው። "አንተ የፈረምከው በስምህ ነው። እኔ የምፈርመው በነሱ ነው።"

አልፈረመችም። ባጁን ከደረቷ ፈትተው ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰኩለት፤ ዘበኛው ፈረመ። ወረቀቱ በማግስቱ በሩ ላይ ተለጥፎ ዋለ። በወሩ መጨረሻ የበረንዳው ፈቃድ አልታደሰም። የስፌት መኪናዋን በሁለት ተሸካሚ አስይዛ ጓሮ ወዳለው ቤቷ አስገባች፤ አልጋዋን ወደ ግድግዳ ገፍታ ቦታ አበጀችለት። ጓሮ ድረስ የሚገባ ደንበኛ ግን ግማሽ እንኳ አልሆነም። እህቷ ለሁለት ሳምንት አኮረፈቻት።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ያንን ፓርቲ ልትፈልግ ወጣች። ቢሮውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ራሱ ሦስት ቀን ፈጀባት። ከጎማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ አንድ ሰውዬ።

"ታዛቢያችሁ ነኝ" አለችው።

ሰውየው መዝገብ ገለጠና ስሟን አጣው። መቼ እንደተመዘገበች ጠየቃት። የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ነው አለችው። ማን እንደመዘገባት ጠየቃት፤ ነገረችው። አልሳቀም። ከመሳቢያው የተደራረበ ወረቀት አወጣ፤ የሠላሳ ስምንት ጣቢያ ውጤት ነው። እያንዳንዱ በተቃዋሚ ታዛቢ ተፈርሟል።

"ከነዚህ አንዱን እንኳ አላውቀውም" አለ። "ደረጃውን ወጥተው የመጡ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።"

ቁጥሩን ነገረችው። የጣቢያውን ስም ጽፎ፣ ከሥሩ መሰላል ሁለት መቶ አስራ ሁለት ብሎ አሰመረበት። ከዚያ ብዕሩን እንደያዘ፣ መቼስ እርስዎም ለኛ ነው ድምፅ የሰጡት አላት።

"ለቁልፍ ነው። በረንዳዬን ፈርቼ።"

ሰውየው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ።

"እሱም ይጻፍ" አለችው። "ቁልፍ መቶ ዘጠና ስምንት ነው፤ አንዱ የኔ ነው።"

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጻፈው።