አንሥቼዋለሁ አልኳቸው

ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴም የሚያውቁት ግማሹን ነው፤ «ዋሽቻለሁ» አልኳቸው፣ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ማንን እንደዋሸሁ፣ ውሸቴ ምን እንዳጠፋ አልጠየቁኝም። እኔም ባለመጠየቃቸው ደስ አለኝ። የቀረውን ግማሽ እናንተ ስሙኝ።

ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ሲባል ከፕሪንተር የተጣበቀ ወረቀት የሚያወጣ፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ሰው ማለት ነው። ጸሐፊያችን ይርገዱ ትባል ነበር። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ ሞጣ ላይ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። የመሪጌታ ዓይን እየደከመ ሲመጣ ይርገዱ አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ እስከዚያ የተቀኙትን እየነገሯት በኮምፒውተር ልትጽፍላቸው። ቀላል ልመና አልነበረም። ቅኔ በተባለበት ቀን ተብሎ ይቀራል፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም በቅኔ ቤት ነውር ነው። እሳቸው ግን ለልጃቸው ሲሉ እሺ አሉ። በየወሩ ከሞጣ በአውቶቡስ እየመጡ፣ በምሳ ሰዓት ቢሮው ጭር ሲል አጠገቧ ተቀምጠው ይነግሯታል፤ እሷ ትጽፋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረጉ። ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃናው እስከ ረጅሙ እስከ መወድሱ በእሷ ኮምፒውተር ውስጥ ተከማቸ። ሌላ ቦታ አልነበረም።

ይርገዱ ታማ ሞተች። በዓመቱ ኮምፒውተሯም አልነሣ አለ፤ ከሌሎቹ አሮጌዎች ጋር ይወገድ ተባለ። መሪጌታ ይህን ሰምተው መጡ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ ዕቃው ይሂድ፤ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለውን ግን አንሣልኝ። የእኔም የእሷም ልፋት ነው» አሉኝ።

«እሺ የኔታ፤ ምን ችግር አለው» አልኩ።

እውነትም ምንም ችግር አልነበረውም። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፣ ፋይሉን ወደ ሲዲ መገልበጥ፤ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አውቀው ነበር። እችለው ነበር። ነገ አልኩ። ነገ ሲመጣም ነገ አልኩ።

ንብረት ሲወገድ የእያንዳንዱ ዕቃ ፎቶ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል። ፎቶ ማንሣቱን ግን ወደድኩት። ካሜራው አዲስ ነበር፤ በእጄ ይዤው መታየትም ደስ ይለኝ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ካርቶን ዘረጋሁ። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ እየፈታሁ ማዘርቦርዱን፣ ማራገቢያውን፣ ኬብሉን ሁሉ አቧራውን ጠርጌ አነሣሁ። የይርገዱ ተራ ደረሰ። የእሷ መሆኑን አላወቅኩም እንዳልል፣ ሳጥኑ ላይ ስሟ በእጅ ጽሑፏ ተለጥፎ ነበር። ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ። ፊቱን አነሣሁ፤ ጀርባውን አነሣሁ፤ ቁጥሩ አልነበብ ሲለኝ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ እንደገና አነሣሁ። የሁለት ሰው ልፋት መዳፌ ላይ ተቀምጦ እኔ የተጨነቅኩት ስለ ብርሃን ነው! ቅዳሜ ነበር፤ ጓደኞቼ ኳስ የሚታይበት ቤት ቦታ ይዘውልኛል። ጨርሼ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ጨረታውን ያሸነፈው ነጋዴ መኪና መጣና ሁሉንም ጭኖ ወደ ደጀን ወረደ። ቆሜ ያስጫንኩት እኔ ነኝ።

መሪጌታ በሳምንቱ መጡ።

«አነሣኸው ወይ ልጄ?»

«አንሥቼዋለሁ የኔታ» አልኳቸው።

ውሸት ነው እንዴ? አንሥቼዋለሁ እኮ፤ ፊትና ጀርባውን አንሥቼዋለሁ። ቃሉን አስቤ ነው የመረጥኩት። «ገልብጬዋለሁ» አላልኩም፤ «አስቀምጬልዎታለሁ» አላልኩም። ዕድሜ ልካቸውን ከአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲያወጡ የኖሩትን ሰው ሁለት ትርጉም ባለው ቃል አታለልኳቸው። በልቤም ትንሽ ኮራሁ። አዎ፣ ኮራሁ፤ ይህም ይቆጠርብኝ። የሰውን ሁሉ ሰምና ወርቅ ሲፈቱ የኖሩ ሰው የእኔን እንዴት ሳይፈቱት ቀሩ? ስላመኑኝ ነዋ። የሚያምነውን ሰው ቃል ማን ሊፈታ ይቀመጣል?

«እኔ ማያው የለኝም፤ አንተው ዘንድ ይቆይልኝ። ልፋታችንን እንዳነሣህልን አንተንም ከወደቅክበት ያንሣህ» ብለው መረቁኝ። ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።

ያኔ እውነቱን ብናገር ምን ይመጣብኝ ነበር? ቁጣ። ምናልባት እንባቸውን ማየት። ከዚያስ? የዚህን መልስ ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ መታመማቸውን ሰምቼ ሞጣ ስሄድ ነው። መደብ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል። እጄን ዳብሰው «ይርገዱ መጣች?» አሉ። ማንነቴን ብናገርም አላወቁኝም። በእሳቸው ፈንታ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው አስነጋሪያቸው እስከ በሩ ሸኘኝ።

«እስከ አምና ቅኔው ሁሉ በቃላቸው ነበረ» አለኝ። «ይንገሩንና እንጻፈው ብለን ስንት ጊዜ ለመንናቸው መሰለዎ! ‹የተባለ አልደግምም፤ እሱ ቢቸና ተነሥቶልኛል፤ እናንተ የራሳችሁን ተቀኙ› ይሉናል። አሁንማ የአንዱን መወድስ መጀመሪያ እንኳ አያስታውሱም።»

እዚያ በር ላይ ገባኝ። መኪናው ወደ ደጀን የወረደ ጊዜ ቅኔው ገና በጭንቅላታቸው ነበር። እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ለልጃቸው ያፈረሱትን ወግ ለተማሪዎቻቸውም ያፈርሱት ነበር። ስንፍናዬ ያጠፋው ዕቃውን ነው። ቅኔውን ያጠፋው ውሸቴ ነው።

«እርስዎ ዘንድ ነው አይደል ያለው?» አለኝ አስነጋሪው። «ተማሪዎቹ ተዋጥተው ፍላሽ ገዝተዋል። መቼ እንምጣ?»

ያኔም አፍ ነበረኝ። ያኔም መናገር እችል ነበር።

«ከፋሲካ በኋላ» አልኩት።

መሪጌታ በሁዳዴ አረፉ። ከፋሲካ በኋላ አስነጋሪውና አንድ ተማሪ መጡ። በመስኮት አየኋቸውና ጥበቃውን «ተዛውሯል በላቸው» አልኩት። ወዴት ብለው ሲያፋጥጡት ግራ ገብቶት ሉማሜ አላቸው። በማግስቱ ሉማሜ የሚሠራ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሁለት የቅኔ ተማሪዎች ስሜን እየጠሩ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ውለዋል።

«ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«ተሳስተው ነው» አልኩት።

አልተሳሳታችሁም። ሉማሜ ድረስ ከፈለጋችሁኝ ከእናንተ አንዳችሁ ይህን ካነበባችሁ መፈለጋችሁን ተዉ፤ ቅኔው የለም። መምህራችሁን በንፉግነት አትጠርጥሯቸው፤ የከለከሏችሁ እኔን አምነው ነው። ይፍታህ አትበሉኝ።