በየዓመቱ የሚመለሰው ማር

ሰሞኑን ከቢታ ገነት ነጭ ማር ተላከልኝ። የመጣው በፕላስቲክ ባልዲ ነው። ክዳኑን ስከፍተው ግን ዐይኔ ላይ የመጣው ያ አፉ በኮባ ቅጠል የተወተፈ፣ እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀብላ ደጃፍ ላይ የምትመልሰው ቅል ነው።

እናቴ እታገኝ ከጎጃም ተመድባ ቦንጋ የመጣች ታይፒስት ነበረች። አባቴ ታደሰ ደግሞ የቢታ ልጅ፣ አስተማሪ። ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ሳለ፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ የተሳፈረበት መኪና ገደል ገባ። ሳይጋቡ ስለቀሩ በእናቴ አባት ስም ብርቱካን መኮንን ተብዬ አደግሁ።

ልጆች ምን ይደበቃቸዋል? ሱዚ ስንዘል የተሸነፈችው ሁሉ «የእናትሽ አባት እንዴት አባትሽ ሆነ?» ትለኛለች። መምህራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ፣ መልአኩ የሰፈራችንን ጭቃ ፈርቶ ከመንገድ ተመልሶ ይሆናል እል ነበር። እስቃለሁ እንጂ አባት በጣም ያምረኝ ነበር።

በየዓመቱ ዝናቡ ሳይጠና አንድ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ በራችንን ያንኳኳል። «አባ አዳሎ ናቸው የላኩት» ብሎ ቅሉን ይዘረጋል። አባ አዳሎ የአባቴ አባት ናቸው። እናቴ «ስም ሳይሰጡ ማር! አፌን ሊያዘጉኝ ነው» ትልና መልሳ ታሸክመዋለች። አንድ ጊዜ በቅሉ አንገት የወረደውን በጣቴ ልሼ ተቆንጥጫለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የሚኒስትሪ ፈተና ፎርም መጣ። እዚያ ላይ የተጻፈ ስም ዕድሜ ልክ አብሮን እንደሚኖር ተነገረን። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በማግስቱ አባትነት እንዲታወቅልኝ አቤቱታውን በገዛ እጇ ታይፕ አድርጋ ፍርድ ቤት አስገባች። መጥሪያው ለአባ አዳሎ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን ረጅም ሽማግሌ ቅል አቅፈው መጡ። ዘበኛው «ለዳኛ ማር ይዞ መግባት አይቻልም» ብሎ ቅሉን ውጭ አስቀመጠው። ዳኛው ልጅቷ የልጅዎ ናት ወይ ብለው ሲጠይቋቸው አባ አዳሎ በካፊኖኖ ረጅም ንግግር ተናገሩ፤ አስተርጓሚው ቀስ እያለ ወደ አማርኛ መለሰው።

«በቤታችን ልጅ ሲወለድ አባቱ ቀፎ ይሰቅልለታል። ታደሰ ለዚህች ልጅ በተወለደች በሳምንቷ ሰቀለላት። እሱ ከሞተ ወዲህ እኔ አወርዳለሁ፤ ድርሻዋን እልካለሁ። ልጃችን ናት ማለት ከዚህ ሌላ እንዴት ነው? ማሩ ሲመለስ ግን እናቷ ልጃችንን የከለከለችን መስሎን አፍረን ተቀመጥን።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እኔኮ አላወቅሁም፣ አባቴ» አለች። ዳኛው፣ አባት ከሞተ አያት በስሙ ልጅነቷን መቀበል እንደሚችል፣ ይህም የሚጸናው እናት እውነት ነው ስትል መሆኑን አስረዱና «ይቀበላሉ?» አሏት። እንቢ እንዳትል ፈራሁ።

«እቀበላለሁ» አለች።

ፎርሙን ብርቱካን ታደሰ ብዬ ሞላሁት። ክረምቱ ሲወጣ ቢታ ሄድን። አባ አዳሎ ወደ ጓዳ አስገቡን። የተመለሱት ቅሎች በሙሉ ከነኮባቸው ተደርድረው ነበር። «የልጅ ድርሻ አይበላም» አሉ። አባት የለኝም ብዬ ባለቀስኩባቸው ዓመታት ሁሉ ድርሻዬ እዚያ ተቀምጦ ኖሯል። እናቴ ቅሎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች አለቀሰች።

ልጄን ስትወለድ ያስመዘገባት አባቷ ነው፤ ጠዋት ቀበሌ ሄዶ ለምሳ ተመለሰ። እንዲህ በመቅለሉ ደስ ይለኛል። አባ አዳሎ ግን የሉም፤ ቀፎዬን የሚያወርደው የአጎቴ ልጅ ነው፣ ለልጄም ማንም ቀፎ አልሰቀለላትም። እናቴ አርጅታለች። ባልዲውን ሳቀርብላት በማንኪያ ጫፍ ቀመሰችና፣ ማንኪያውን ለልጄ አጉርሳ፣ «ያመጣውን ሰው ግባ ብለሽዋል?» አለችኝ።