በዝናብ የሚደርቀው በረኛ

ታላቅ ወንድሜ ዲላ ላይ ጌም ቤት የከፈተው አባታችን እንዳይሄድ መጀመሪያ ለምኖት፣ ቀጥሎ ገሥጾት፣ በመጨረሻም አኩርፎት ነው። ገጠር፣ ኮንጋ ያለው ቡናችን የበኩር ልጅን ይጠብቅ ነበር፤ የበኩሩ ልጅ ልብ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያለው የተበላሸ ነገር ዘንድ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ዲላ ገባና ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የጠዋት ፈረቃ ስለሆንኩ ከሰዓት በኋላ ውሎዬ እሱ ጋ ነው። ለአባቴ ወንድሜን ላግዝ ነው ብለውም ዋናው ጉዳዬ መጫወት እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

ቤቷ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሯት። ሁለቱ አሮጌ ጨዋታ ብቻ የሚችሉ ጡረተኞች ናቸው። ሦስተኛው ግን የወንድሜ የዓይን ብሌን ነበር። መሥሪያ ቤቶች ከጣሏቸው ኮምፒውተሮች ከአንዱ ይህን፣ ከሌላው ያን እየፈታ በገዛ እጁ የገጣጠመው ነው። ግራፊክስ ካርዱን፣ ማለትም ሥዕሉን የሚያወጣውን ክፍል ብቻ፣ አዲስ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ገጠመለት። ይህንንም ለገባ ለወጣው ሁሉ ነገረ። እኔ እስኪሰለቸኝ ድረስ ነገረ።

ቡና በሚቀላበት ሰሞን አዲሱ የኳስ ጌም ይመጣል፤ ለእኛ ሁለቱ አንድ ወቅት ናቸው። የዚያን ዓመቱን አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ከመርካቶ ኮፒ አስደርጎ አመጣልን። ወንድሜ ሲጭነው ቤቱ ሞልቶ በሩ ላይ ሁሉ ሰው ቆሞ ነበር። ሣሩን፣ ጥላውን፣ የተጫዋቾቹን ላብ አፋችንን ከፍተን አየን። ዝናብ የጣለበት ጨዋታ ሲመጣ ግን በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ዝናብ ለጌዴኦ ሰው ብርቅ አይደለም፤ የዓመቱን እኩሌታ ጭቃ ስንረግጥ ነው የምንኖረው። ይሄኛውን ግን ሰው ነው የሠራው። ጠብታው ሣሩ ላይ ሲያርፍ ይፈናጠራል፣ ማሊያው እየራሰ ይጠቁራል፣ ኳሷ ውኃ ያቆረበት ቦታ ስትደርስ ትያዛለች። የሰው ልጅ ቁጭ ብሎ አስቦ ዝናብ መሥራቱ አስደነገጠኝ። ደስታም ፍርሃትም ነበረበት።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጨዋታው መንቀርፈፍ ጀመረ፤ እኛ «ስታክ አደረገ» የምንለው ነው። ተጫዋቹ እግሩን እንዳነሳ አየር ላይ ይቀራል። ይህስ ይታለፍ ነበር። የባሰው በዝናብ የማዕዘን ምት ሲመታ የሚሆነው ነው። በረኛው ሁለት እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ድርቅ ይላል። ኳሷ በአጠገቡ አልፋ ትገባለች፣ ደጋፊው ይጮኻል፣ እሱ እንደ ማሳ ማስፈራርቾ ቆሟል። በጌም ቤት ሕግ ደግሞ የተሸነፈ ይነሣል። በደረቀ በረኛ ተሸንፎ የሚነሣ ሰው ምን ዓይነት አፍ እንደሚኖረው አስቡት።

ከሁሉም ምላሱ የከፋው የወናጎ ከተማ ልጅ የሆነ ባጃጅ ነጂ ነበር። መሸነፍ አይወድም፤ ሲሸነፍም ምክንያት አያጣም። መጀመሪያ ጨዋታውን ሌባ አለው። ቀጥሎ አዲስ አበባ ያለ የአክስቱ ልጅ ያለ አንዳች ችግር እየተጫወተው እንደሆነ ሰማሁ ብሎ አወራ። አንድ ቀን ከሰዓት ግን እንደለመደው በማዕዘን ምት ተሸንፎ ሲነሣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«ካርዱ አዲስ አይደለም፤ ዋሽተኸናል» አለው። «ቆሻሻ ገጣጥመህ ነው የምታጫውተን።»

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ በየአፉ ገባ። አንዱ በቀልድ፣ ሌላው በሹክሹክታ የባጃጅ ነጂውን ቃል ይደግማል። ወንድሜ በየጠዋቱ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ በብሩሽ ያጸዳል፣ ነቅሎ ይገጥማል፤ በረኛው ያው ነው። ምሳ እየተወ፣ ሰው ሲያናግረው የማይሰማ ሆኖ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ብሎኖቹን መዳፉ ላይ እንደያዘ፣ «እጄ ይሆናል እንግዲህ» አለኝ። ያ ንግግር አስፈራኝ። ትምህርት የለው፣ መሬቱን ትቶ መጥቷል፤ ከእጁ በቀር የሚመካበት አንድም ነገር አልነበረውም። እጁን ከተጠራጠረ ኮንጋ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም የተሸነፈ ሰው ሆኖ ነው።

ወሬው ኮንጋ ለመድረስ መኪና አላስፈለገውም። አንድ ዓርብ አባቴ መጣ። ብቻውንም አልነበረም፤ በእኛ አካባቢ ሶንጎ ላይ፣ የጌዴኦ አባቶች ተቀምጠው ነገር በሚያዩበት ሸንጎ ላይ ማለቴ ነው፣ ፍርድ አዋቂ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ አብረውት መጡ። ወንድሜን ይዘውት ሊሄዱ ነው። አባቴ ቀይ ቡና መሬት ላይ እየረገፈ መሆኑን፣ ስም ከጠፋ ወዲያ ከተማ መቀመጥ እንደማይረባ ተናገረ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ እሄዳለሁ፣ ውሸታም ተብዬ ግን አልሄድም አለ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ከሳሹ ይጠራ አሉ።

የኮምፒውተር ጨዋታ ብልሽት በሽምግልና የታየው እንግዲህ እንዲህ ነው። ባጃጅ ነጂው ተጠርቶ መጣ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ማንም እንዳያቋርጠው አዘዙ፤ ልጁም በሕይወቱ ሳይቋረጥ ተናግሮ ስለማያውቅ መሰለኝ መሐል ላይ ተንተባተበ። ቀጥሎ ወንድሜ ተናገረ። የእሱ ቃል አጭር ነበር፤ ካርዱ አዲስ ነው፣ አልዋሸሁም አለ። ከዚያ ሽማግሌው ያላዩትን ነገር እንደማይፈርዱ ተናገሩና እንድንጫወት አደረጉ። እኔና ባጃጅ ነጂው ተቀመጥን። በደረቅ ሜዳ ተጫወትን፤ ምንም የለም። በዝናብ ተጫወትን፤ የማዕዘን ምቱ መጣ፣ በረኛው ድርቅ አለ፣ ኳሷ ገባች። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ጎንበስ ብለው ደጋግመው አስመቱን።

«ዝናቡን አንተ ነህ ያመጣኸው?» አሉት ወንድሜን።

«አይደለሁም አባባ፤ ጨዋታው ከነዝናቡ ነው የመጣው።»

«እንግዲያው ዝናቡን የሠራው ሳይጠየቅ በዚህ ልጅ ላይ አይፈረድም።»

የዘመኑ ነገር ያልገባቸው መስሎን ልንስቅ ቃጥቶን ነበር። ባጃጅ ነጂውም ሠሪዎቹ ከባሕር ማዶ እንደሆኑ፣ የእኛ ነገር እዚያ እንደማይደርስ በትሕትና ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ቡናችን ይደርስ የለም?» አሉት። «ቡናችን ከደረሰ ቅሬታችንም ይድረስ።» ማንም አልሳቀም። ከሳሹና ተከሳሹ ሠሪዎቹ ወደሚገኙበት አብረው እንዲሄዱ፣ እንግሊዝኛ የምችለው እኔ እንዳነብላቸው ፈረዱ። ጨዋታው ኮፒ በመሆኑ የመክሰስ መብታችን ላይ ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ሽማግሌው ያላነሱትን እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።

በዚያው በባጃጁ ሄድን። ተከሳሹ ከሳሹ በሚነዳው ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ችሎት ሲሄድ ዲላ ያየችው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ኢንተርኔት ቤት ገብተን አንድ ኮምፒውተር ፊት ሦስታችን ተጣበብን። የጨዋታውን ስም፣ በረኛ፣ ዝናብ፣ የማዕዘን ምት ብዬ በምችለው እንግሊዝኛ ጻፍኩ። ገጹ እንደ ዘመኑ ልማድ ከላይ ወደ ታች እየተንፏቀቀ ተከፈተ።

የሠሪዎቹ የራሳቸው ገጽ ነበር፤ ተጫዋቾች ቅሬታቸውን የሚጽፉበት። የመጀመሪያውን መሥመር አነበብኩና ድጋሚ አነበብኩት፤ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። አንድ ጀርመን ነኝ ያለ ሰው፣ በዝናብ የማዕዘን ምት ሲመታ በረኛዬ እጁን አንስቶ ይቆማል ይላል። ከሥሩ አንድ ብራዚላዊ፣ የእኔም እንዲሁ ይላል። ከሥሩ ሌላ። ገጹ እየወረደ፣ ሰዉ እየበዛ ሄደ። ለወንድሜ በአማርኛ እየመለስኩ ሳነብለት ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ፣ የማይችለውን ፊደል የሚያነብ ይመስል ነበር።

«የሰውዬው ካርድ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

«በጣም አዲስ ነው ይላል። ከእኛ የሚበልጥ።»

«የሱም በረኛ ደረቀ?»

«ደረቀ።»

ሌላ አንብብልኝ አለኝ። አነበብኩለት። አሁንም ሌላ አለኝ። አንዱ ጨዋታው ሌባ ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሰረቀኝ ብሎ ጽፎ ነበር። ባጃጅ ነጂው ይህን ሲሰማ እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ የራሱን ቃል አይቶት በማያውቅ፣ ዲላ የት እንደሆነች በማያውቅ ሰው አፍ ሰማው።

እስከ ዛሬ ያንን ሰዓት ሳስታውስ አንዳች ነገር ውርር ያደርገኛል። መብራት ሲጠፋ፣ ስልክ ሲቆራረጥ፣ መንገድ ሲፈርስ ጉድለቱ የእኛ መሆኑን ለምደነዋል። አንድ ነገር እጃችን ላይ ሲበላሽ ከእጃችን አልፈን አናይም። ለካ በዚያው ሰዓት፣ ባማረ ቤት የተቀመጠ ሰው ባማረ ኮምፒውተር ላይ የእኛው በረኛ ደርቆበት ፀጉሩን እየነጨ ነበር። ዓለም ያን ያህል ሰፊ፣ ያን ያህልም ጠባብ መሆኗን ያወቅኩት በአንድ ብልሽት ነው።

መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ መልስ ነበር። ብልሽቱን አይተነዋል፣ ስህተቱ የእኛ ነው፣ የተጫዋቹ ኮምፒውተር አይደለም፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ እያስተካከልን ነው ይላል። እኔም ከሁሉም ሥር በሁለት ዓረፍተ ነገር ደቡብ ኢትዮጵያ ዲላ ከተማ ያለው በረኛም እንደደረቀ ጻፍኩ። ቀና ስል ባጃጅ ነጂው ተነሥቶ ቆሟል። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያየው ወንድሜን፣ «ስምህን አጉድፌዋለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለው። ወንድሜ ትከሻውን ይዞ ሳመው።

ጌም ቤት ስንመለስ አባቴና ሽማግሌው እንደተቀመጡ ናቸው። ያነበብኩትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሽማግሌው የሠሪዎቹ መልስ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ጥፋቱ የእኛ ነው አሉ? ማን አስገድዷቸው?»

«ማንም አላስገደዳቸውም አባባ። ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው የጻፉት።»

ሽማግሌው እንዲህ ያለ ባላጋራ ሶንጎ ቢመጣ ነገሩ ከመቀመጣችን ያልቅ ነበር አሉ። አባቴን የነካው ግን ሌላ ነበር። ዕድሜ ልኩን ቡና ማጠቢያ ጣቢያ በር ላይ፣ ፈረንጆቹ ጥሬ ተቀላቅሎበታል ብለዋል፣ ሽታ አለው ብለዋል እየተባለ የኖረ ሰው ነው። ቅሬታ ከዚያ ወደዚህ ብቻ የሚመጣ ነገር ይመስለው ነበር። «እነሱም ይሳሳታሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። የመለሱልንን ቃል ድገምልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት፤ አሁንም አስደገመኝ።

ማስተካከያው ሰንብቶ ከአዲስ አበባ በፍላሽ መጣልን። በረኛው እጁን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ በምትኩ የመስመር ዳኛው እስከ ጉልበቱ መሬት ውስጥ እየገባ መሮጥ ጀመረ። ቅሬታው ቀጠለ፤ የወንድሜን ስም ግን ማንም አላነሳም።

ያን ዓርብ ግን አባቴ ሊሄድ ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰና ኮምፒውተሩን ክፈተው አለ። ወንድሜ ብሎኖቹን ፈትቶ ጎኑን ከፈተለት። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ታስረዋል፣ አቧራ የሚባል የለም፣ አዲሱ ካርድ መሐላቸው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አባቴ እጁን ሊሰድ ፈለገና መጀመሪያ መዳፉን ኮቱ ላይ ጠረገ፤ ከዚያም ሳይነካው እጁን መለሰ።

«ይህን ሁሉ አንተ ነህ የገጣጠምከው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«በል እዚሁ ሥራህን ሥራ» አለው። ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ቡናውን ከዚህኛው ጋር እንለቅመዋለን።»

አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው እያዩኝ ስለነበር መልሼ ዘጋሁት። ያነበብኩት እኔ፣ የተፈረደብኝም እኔ። ወንድሜ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከሳቁ የትኛው ለቅሶ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ባዶ ቅርጫት ጭኔ ላይ ይዤ ከአባቴ ጋር በሚኒባስ ወደ ኮንጋ መንገድ ወጣን። ያን ቅርጫት እስከ ዛሬ አላስቀመጥኩትም፤ ቡናውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ወናጎን ሲያልፍ አባቴ ከጎኑ ወደተቀመጡት የማናውቃቸው ሰውዬ ዞሮ፣ «ዲላ ያለው ልጄ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ውስጡን ከፍቶ አሳይቶኛል» አላቸው። ሰውዬው ተገርመው እግዚአብሔር ይባርክልህ አሉት። እኔ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁም።