የቦራ የእጅ ፍሬን

ልጅ እያለሁ የእጅ ፍሬን ነበርኩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የምሬን ነው። የእኩዮቼ አባቶች ልጆቻቸውን ውኃ ቅጂ፣ ጥጃ መልሺ ሲሉ፣ የእኔ አባት ግን ከቡሬ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳገት ላይ አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አድርገው «ታኮ!» ይላሉ። እኔ ጥቁሯን ድንጋዬን ታቅፌ ዱብ እላለሁ፤ ከኋላ ጎማው ሥር እሸጉጣታለሁ፤ ላሜራውን ሁለቴ በመዳፌ እመታና «በቃ አባባ!» እላለሁ። አባባ እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ የሚያነሡት ያን ጊዜ ነው። ማርሽ አስገብቶ መተው ለሜዳ ይሆናል እንጂ ጭነት የያዘ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ አያቆምም።

መኪናችን ላንድሮቨር ነበር። አባባ ለብዙ ዘመን በሾፌርነት ከሠሩበት መሥሪያ ቤት አርጅቷል ተብሎ በጨረታ ሲሸጥ ያላቸውን አሟጠው ገዙት። ስሙ ቦራ ነው። መላ አካሉ አረንጓዴ ሆኖ ኮፈኑ ብቻ ከሌላ መኪና የመጣ ነጭ ስለነበር፣ ገበሬዎቹ ግንባሩ ላይ ነጭ እንዳለበት ፈረስ ቆጥረው ቦራ አሉት፤ በዚያው ጸና። በገበያ ቀን ከቡሬ ጨውና ነጭ ጋዝ ይዞ ይሄዳል፣ ከሽንዲ ሰውና በርበሬ ይዞ ይመለሳል። የዚያን በርበሬ ነገር በዚያ መንገድ የሄደ ያውቀዋል። አንዱ ማስነጠስ ከጀመረ መኪናው በሙሉ ይቀበለዋል፤ አባባም መሪያቸውን እንደያዙ «ይማርህ፣ ይማርሽ» ሲሉ ይውላሉ። ዛሬም በርበሬና ናፍጣ አንድ ላይ ሲሸተኝ ሰባት ዓመቴ ነው።

የእጅ ፍሬኑ ገመድ መቼ እንደተበጠሰ አላውቅም፤ ነፍስ ሳውቅ ተበጥሶ ነው ያገኘሁት። አባባ ባሕር ዳር አስፈለጉ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሁሉ አደራ አሉ፤ የመጣው ሁሉ ወይ ያጥራል ወይ ይረዝማል። ሌላውን ሌላውን ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን አጣጥፈው ያስቀምጡና ከቦራ ሥር ይገባሉ። እኔ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀብላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወት እኔ መሬት ላይ ተኝቼ፣ አባባ የፍሬኑን ሸራ እየፈተሹ ለራሳቸው የሚያንጎራጉሩትን እሰማለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ አልነበረኝም።

ኩራቴስ! ተሳፋሪው «ይቺ ልጅ ባትኖር ገደል ገብተን ነበር» ሲል እግሬ መሬት አይነካም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ነገሩ አላማራቸውም፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ አንድ ቀን፣ ከዘራቸውን ደገፍ ብለው። «የእኔዋ ካቦካችውማ ለቁርስም ይተርፋል አባቴ» ብለው አባባ መለሱላቸው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ክረምት ሲገባ ግን አፈሩ አዳልጦ ድንጋዬ ተንሸራተተችና ጎማው የኮንጎ ጫማዬን ጫፍ ረገጠው። እግሬ አልተነካም። ጫማዬን መንጭቄ አወጣሁና ሳቅሁ፤ አባባ አልሳቁም። ሽንዲ ስንደርስ ብስኩት ገዝተው ሰጡኝና «ለእናትሽ አይነገር» አሉኝ። ብስኩቱ ስለጣፈጠኝ ነገሩን ረሳሁት።

ቦራን በየዓመቱ ፍኖተ ሰላም ወስዶ ማስመርመር ግድ ነው። ምርመራውን ላላለፈ መኪና ቦሎ አይለጠፍለትም፤ ቦሎ የሌለው ደግሞ ትራፊክ ባየ ቁጥር መደበቂያ ሲፈልግ መኖሩ ነው። የእኛ እንጀራ በቦራ ላይ ስለነበር ያ ሳምንት በቤታችን የጭንቅ ሳምንት ነው። ክሪክ ከአንዱ፣ እሳት ማጥፊያ ከሌላው፣ ደህናውን ስኮርታ ጎማ ከእህል ነጋዴው ጎረቤታችን ከጋሽ ሰይድ እንዋሳለን፤ ሙሽራ ጌጥ እንደምትዋስ ማለት ነው። እኔ በሳሙና ግንባሩን እፈትጋለሁ። የእጅ ፍሬኑን አባባ በሽቦ ያበጁታል፤ ዘንጉ ሲሳብ ቅርር ብሎ ይቆማል። ምንም አይዝም፤ ግን ሜዳ ላይ ማን ይጠረጥራል?

በዚያ ዓመት እኔም ካልሄድኩ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ የበዓል ቀሚሴን እያለበሰችኝ «ሰው ፊት ዝም በይ እሺ፤ አንቺ እንደሁ አፍሽ ፍሬን የለውም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ማንኩሳን አልፈን ፍኖተ ሰላም እስክንገባም እሺ እንዳልኩ ነበርኩ።

መርማሪው ትንሽ መዶሻ የያዘ ቀጭን ሰው ነበር። መብራት ያብሩ አለ፤ በራ። ፍሬቻ አለ፤ ብልጭ ድርግም አለ። ክላክስ አለ፤ መንገድ ላይ ያሉት የጋሪ ፈረሶች እስኪበረግጉ ጮኸ። ከሥር ገብቶ ብሎኑን ሁሉ በመዶሻው እያንኳኳ አዳመጠ። ሲወጣ አቧራውን እያራገፈ «እንዲህ የተያዘ አሮጌ መኪና አላየሁም፤ እጅዎ ይባረክ» አላቸው አባባን። የእጅ ፍሬኑን ዘንግ ሳበው፤ ቅርር ብሎ ቆመ። ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። እዚያው ላይ ቢጽፍ ምን ነበረበት! ግን ልጅ ወዳድ ሰው ኖሮ ወደ እኔ ጎንበስ አለና «አንቺስ ማነሽ? ረዳቱ ነሽ?» አለኝ።

ረዳት! እኔን! «ረዳት አይደለሁም፤ የእጅ ፍሬኑ እኔ ነኝ» አልኩት። አላምን እንዳይለኝ ድንጋዬን ከወንበሩ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ሳቀ። «እስቲ አሳዪኝ» አለኝ፤ አሳየሁት። በዚያ በበዓል ቀሚሴ ከኋላ ጎማው ሥር ተንበረከክሁ፤ እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ ድንጋዬን አጠበቅሁ፤ ላሜራውን ሁለቴ መታሁ። «በቃ አባባ!» ቀና ስል የሚስቅ ሰው አልነበረም። መርማሪው ድንጋይዋን አየ፣ እጄን አየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አባባን «ልጅ ስንት አለዎት?» አላቸው።

«እሷው ናት» አሉ አባባ።

«እሷው ናት» አለ እሱም። ወግ የያዙ መሰለኝ። ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰው። ቦራ ወደቀ።

ስንመለስ፣ ከማንኩሳ ወዲህ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሞቆ ውኃ ሊጨምሩለት ሲያዘግሙ፣ እኔ እንደ ልማዴ ድንጋዬን ታቅፌ በሩን ከፈትኩ። «አትውረጂ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በፊት ጮኸውብኝ አያውቁም። መኪናውን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ክምር አስደግፈው አቆሙት፤ በእኔ በኩል ዞረው መጡ፤ ድንጋዬን ከእቅፌ መንጭቀው ጤፍ ማሳ ውስጥ ወረወሯት። ድንጋይዋን ሳይሆን እኔን የወረወሩኝ መሰለኝ። አለቀስኩ፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው ቆሙ።

ከዚያ ወዲያ ቦራ ግቢያችን ውስጥ ተገተረ። ገመዱ እስኪገኝ ነው ተባለ። ዶሮዎች ከኋላ ወንበሩ ሥር እንቁላል መጣል ጀመሩ። በርበሬያቸውን በአህያ ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች «ምነው፣ ቦራን ምን ነካው?» ብለው ሲጠይቁ እናቴ ወደ እኔ ሳታይ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ትላቸዋለች። በመጨረሻ ተሸጠ። ሞተሩን አንድ ሰው ለወፍጮ ገዛው፤ አካሉ ለብረት ሄደ። አባባ የሰው ከባድ መኪና ተቀጥረው በነቀምት መንገድ እየሄዱ መሰንበት ያዙ፤ የእሑዱ ካቻቢቴና ማንጎራጎር ቀረ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ያውም እውነት ተናግሬ! ዋሽቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ውሸት ንስሐ አለው። እውነት ተናገርኩ ብዬ ለማን ልናዘዝ?

እናቴ እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት ስትልከኝ ከደጅ እቆማለሁ እንጂ አልገባም ነበር። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ቦራ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ግን የትም አይሄድም። እኔም ዝምተኛ ወጣኝ። አስተማሪዎቼ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይሉኝ ነበር። ጨዋነት መስሏቸው! አፌ ላይ ታኮ አድርጌበት እኮ ነው።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ቢሮ እሠራለሁ፤ አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። ትንሽ ድምፅ ከሰማሁ ጋራዥ ነኝ፤ መካኒኬ «ይቺን መኪና ከባልዎ አስበልጠው ይወዷታል» እያለ ያሾፍብኛል። ምርመራው አሁን በመሣሪያ ሆኗል። መኪናዋ የሚሽከረከር ብረት ላይ ትወጣለች፣ የፍሬኗ ጉልበት በቁጥር ይነበባል። መዶሻ ይዞ የሚያዳምጥ የለም፤ ከልጅ ጋር የሚቀልድም የለም።

በቀደም የምርመራዋ ጊዜ ሲቃረብ የእጅ ፍሬኗ ላላ አለብኝ። ሰኞ አሠራዋለሁ ብዬ፣ እሑድ ልጄን ይዤ አባባን ልጠይቅ ቡሬ ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ደጃፋቸው ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ሳቆም መኪናዋ ሸተት አለችብኝ። እግሬን ፍሬኑ ላይ አድርጌ፣ ጨርሶ ሳላስበው «እስቲ ውረጂና ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጊልኝ» አልኳት ልጄን። ደስ ብሏት ዱብ አለች።

በር ላይ በርጩማቸው ላይ ሆነው ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት አባባ በምን ጉልበት እንደተነሡ እንጃ። ከዘራቸው ወደቀ። «ውጪ! ውጪ ከዚያ!» እያሉ ልጄን በክንዷ ጎትተው ከግድግዳው ጥግ አቆሟት። ድንጋዩን ራሳቸው እያቃሰቱ ዝቅ ብለው ከጎማው ሥር ሸጎጡት። ቀና ማለት ቸግሯቸው መኪናዋን ተደግፈው ቆዩ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል አዩኝና «ልጅ ስንት አለሽ?» አሉኝ።

እርጅናው የልጅ ልጃቸውን ያስረሳቸው መሰለኝ። «ምነው አባባ፣ እሷው ናት እንጂ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ሰማው። ያ ቀጭን ሰውዬ ከነመዶሻው፣ ከነዚያ ዝቅ ካለ ድምፁ ፊቴ ድቅን አለ። ለካ ወግ አልነበረም! ያለችህ አንዲት ልጅ፣ እሷንም ከጎማ ሥር ታስገባታለህ ወይ ማለቱ ነበር።

«ያ ሰው የጣለው ቦራን መስሎሽ ኖሯል?» አሉ አባባ። «እኔን ነው የጣለኝ። ገመዱማ በኋላ ተገኝቶ ነበር። ቦራ ላይ ልወጣ ባልኩ ቁጥር የጫማሽ ጫፍ እየታየኝ አልሆንልህ አለኝ፤ ሸጥኩት።»

ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወረድኩ። እኔ ያስቀየምኳቸው እየመሰለኝ አንገቴን ደፍቼ፣ እሳቸው እኔን ማየት አፍረው አንገታቸውን ደፍተው፣ ይህን ሁሉ ዘመን! ወይ ነዶ!

ልጄ የተጎተተ ክንዷን እያሻሸች ከግድግዳው ጥግ ቆማ አሻቅባ ታየኛለች። «እማዬ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አለችኝ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። በእኛ ጊዜ ትልቅ ሰው ለልጅ አጠፋሁ አይልም ነበር፤ ብስኩት ይገዛል እንጂ። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ብስኩት ነበረኝ፤ እጄ ሄዶ ነበር። ተውኩትና ተንበረከክሁ።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺም አላጠፋሽም፣ ልጄ» አሉኝ አባባ ከኋላዬ።