ቡሬት ያልነካች እጅ

በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ቴክኒሺያን ተማሪዎቹ «እትዬ ጠብታ» ይሏታል። ከቡሬቱ፣ ከዚያ ባለ መዝጊያ ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ ፈሳሹ ጠብ ሲል ጀርባዋን ሰጥታም ትቆጥራለች ይባላል። ስሙን ትወደዋለች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ዕቃ አጣቢ ነበረች። ሌላው የሚያወርደውን ጠብታ ከገንዳው ዳር እያየች ልቧ አብሮ ሲወርድ፣ «እስቲ ነይ ሞክሪው» ያላት ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ማንንም ሳትጠይቅ ሞከረችው። ከዚያ ወዲያ ማን አስቁሟት!

ዘንድሮ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከክፍሉ ሲወጡ ጣቶቻቸውን አየች። ሲልቨር ናይትሬት የነካው ጣት ለቀናት ይጠቁራል። የሁሉም ጠቁሯል። ከሦስት ወንዶች ጋር የተመደበችው ልጅ ጣት ላይ ግን ያለው የእስክሪብቶ ቀለም ብቻ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ቡሬት ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ እኮ እትዬ። ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው…»

«አይ ሙገሳ! ሰው በገመድ ብቻ የሚታሰር ይመስለኝ ነበር።»

የተግባር ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እያንዳንዱ ብቻውን ነው የሚቆመው። ልጅቷ ከወደቀች ከትምህርት ክፍሉ መውጣቷ ነው።

እትዬ ጠብታ በቀጥታ ወደ መምህሩ ሄደች። «ዶክተር፣ ከነገ ጀምሮ ሲጽፍ የከረመ ይሥራ፤ ሲሠራ የከረመ ይጻፍ።»

«ውጤቱ ይበላሻል እኮ እትዬ።»

«ይበላሽ! ልጆቹ የመጡት ውጤት ሊያሳምሩ ነው ወይስ ሊማሩ?»

መምህሩ ሳቀ፤ ፈቀደም።

በማግስቱ ልጅቷ የቡሬቱን መዝጊያ አብዝታ ከፈተችው። በመጨረሻዋ ጠብታ ፈዛዛ ሮዝ መሆን የነበረበት የጠርሙሱ ፈሳሽ ደመቀ።

«ይሄ ሮዝ ነው ወይስ የሙሽራ ሊፕስቲክ?» አለ እስክሪብቶ የተረከበው ልጅ።

«አንተ ዝም ብለህ ጻፍ! ዶሮ የጫረው መሬት ካንተ ጽሕፈት ይሻላል» አለችው ልጅቷ።

እትዬ ጠብታ ከኋላዋ ቆማ እንደ ማንጎራጎር አለች፦

ዓይን ያየው ሁሉ ልብ ውስጥ አይቀርም፣
እጅ ያልዳሰሰው ዕውቀት አይሰምርም።

«በግራሽ መዝጊያውን፣ በቀኝሽ ጠርሙሱን አሽከርክሪ። አትቸኩዪ የኔ ልጅ፤ ጠብታ ይለመናል እንጂ አይታዘዝም።» ሰባት ጊዜ አለፋት። በስምንተኛው ፈሳሹ እንደ ንጋት ሰማይ ቀላ፣ ቀላ ብሎም ቀረ።

የፈተናው ዕለት እትዬ ጠብታ መናገር አይፈቀድላትም። ከንፈሯን ነክሳ ገንዳው ጋ ቆመች። የልጅቷ የመጀመሪያ ሙከራ በደማቅ ሮዝ ቦግ አለ። ልጅቷ ማንንም ዞራ አላየችም።

«አለፈኝ ዶክተር። እደግመዋለሁ።»

ጠርሙሱን አጥባ እንደገና ጀመረች። ሦስት ጊዜ ሠራችው፤ የሦስቱም የቡሬት ንባብ ገጠመ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ራሱ አነበበና ማለፏን እዚያው ነገራት። ከዚያ ወደ ገንዳው ዞረ።

«እትዬ፣ የሚመጡትን አዲስ ተማሪዎች በየቡድኑ እርስዎ ይደልድሉልኝ።»

«ደስ ይለኛል። ብቻ በመጀመሪያው ቀን» አለች፣ «ከኋላ ተጠግተው የሚቆሙትን ያሳዩኝ። ከነሱ ነው የምጀምረው።»