የቅሬያችን ገንዘብና የጌታቸው ሰርግ

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ይባላል። እኔና ጌታቸው ግን ከደሴ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰኞ ገበያ በሰው ጢም ባለበት ሰዓት ነው። የጌታቸው ዘዴ ነበር። በሌሊት ሻንጣ የያዘ ሰው ያስጠረጥራል፣ በገበያ ቀን ግን ማንም ዞር ብሎ አያይህም አለኝ። መሄዳችንን የሚያውቁት እናቱ እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። ሽንኩርት ሊገዙ የወጡ መስለው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እስከ መናኸሪያ ተከተሉን። አላለቀሱም። ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወለቀን፣ ወላሂ የደሴ ብርድ ገና ከዚያው ናፈቀኝ። ድንበር የሚያሻግረን ደላላ አዲስ አበባ ነበር የሚጠብቀን።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ አላወራችሁም። ያየው ያውቀዋል፤ ላላየው ደግሞ እንቅልፍ ከመንሳት በቀር የሚፈይድለት ነገር የለም።

የደረስነው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት የሚባል ባንክ በባንክ የሆነ ከተማ ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆንኩ፣ ጌታቸው መጋዘን ገባ። ዳቦአቸው ጥርስ ይፈትናል። የደሴ ብርድ ጋቢ ሲደርቡበት ይለቃል፣ የዚህኛው አጥንት ውስጥ ቤት ተከራይቶ ነው የሚከርመው። ጎረቤቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም ብዬው አንድ ቀን ምን ፈልገህ ነው አለኝ። ቢሮ ለመግባት «ቴርሚን» ይጠይቁሃል፣ ቀጠሮ ማለት ነው፤ ቀጠሮ ለመያዝ ብትሄድም ቴርሚን አለህ ወይ ይሉሃል። እኔ እንዲህ ያለው ነገር ያደክመኛል፣ ጌታቸው ግን ይስቅ ነበር።

እዚህ ያለነው የወሎ ልጆች ተሰባስበን እንደ አገራችን ቅሬ አቋቋምን። የሌላ አገር ሰው እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት የሚያነሳ፣ እስላም ክርስቲያን የማይል። እኔን ዳኛ አደረጉኝ። በማኅበር ስም የባንክ ሒሳብ እንክፈት ብንል የተመዘገበ ደንብ አምጡ፣ ማኅተም አምጡ ተባልን፣ ተሰላቸንና ገንዘቡ በእኔ ስም ተቀመጠ። ቆይቶ ጌታቸው ክሪፕቶ እናድርገው የሚል ነገር አመጣ። ከዶላር እኩል የሚሄድ፣ በስልክ የሚያዝ ገንዘብ ነው፣ አገር ቤት ሐዘን ሲደርስ በደቂቃ ይገባል አለን። እውነት ለመናገር እኔ ምኑም አልገባኝም። ጌታቸው እንዲህ ደስ ካለው ይሁን ብዬ ተስማማሁ።

በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኑም የሚያወራው ይህንኑ ነበር። አንዱ ፖለቲከኛ ይህ የወንበዴ መንገድ ነው፣ ይዘጋ ይላል። ሌላዋ ብንዘጋው ሥራው ወደ ጎረቤት አገር ይሸሻል፣ ቁጥጥር ይበቃል ትላለች። ጌታቸው ከሴትዮዋ፣ እኔ ከሰውዬው ጋር ወግነን እራት ላይ እንጨቃጨቅ ነበር። እኔ እንዲያው ለክርክር አይደለም። ደጋን ከተማ የሚኖረው አጎቴ ልጁን በረሃ ላይ ሲያግቱበት በሬዎቹን ሸጦ የከፈለው በዚሁ የስልክ ገንዘብ ነው፣ ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ጌታቸው ደግሞ፣ ወንበዴ በመኪና ቢሄድ መኪና ይከልከል ትላለህ ወይ ይለኛል። ያን ጊዜ ሳህን ላጥብ ብዬ ተበሳጭቼ እነሳለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጌታቸው ሥራ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ሆስፒታል ስደርስ አልቆ ነበር።

እትዬ አስካለ በሚኖሩበት በደሴው ሆጤ ሰፈር ላሉት ሽማግሌዎች ደወልኩ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ማለዳ ላይ ነው የሚያረዳው። አስከሬኑ የሚገባበት ቀን ሳይታወቅ እትዬ አስካለ እንዳይሰሙ ተባባልን። ወዲያው የቅሬውን ክሪፕቶ ሸጥኩና ወደ ባንክ አስገባሁት። በማግሥቱ ሒሳቡ ታገደ። የገንዘቡ ምንጭ ያጠራጥራልና ፖሊስ ዘንድ ቀርበህ አስረዳ የሚል ደብዳቤም ደረሰኝ። ሆስፒታሉ በበኩሉ ከፋይ በአንድ ሳምንት ካልተገኘ ከተማው ራሱ ይቀብረዋል አለኝ። እንዴት አድርጎ ብዬ ጠየቅሁ። ይቃጠላል፣ አመዱ ይቀበራል አሉኝ። የእትዬ አስካለ ልጅ ሊቃጠል! 

በቀጠሮው ቀን የተቀበለችኝ መርማሪ ጠና ያለች፣ ትሑት ሴት ናት። አስተርጓሚ አስመጥታልኛለች። አስተርጓሚዋ ገና አፌን ስከፍት ወሎዬነቴን አወቀች። እሷ የኮምቦልቻ ልጅ ነች፣ አክስቷ ሆጤ ትኖራለች፣ በየቀኑ ይደዋወላሉ።  እዚህ ሞተ ብዬ ከተናገርኩ ወሬው ማታውኑ ሆጤ ይገባል፣ እትዬ አስካለ ከመንገደኛ ይሰማሉ።

መርማሪዋ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ጠየቀችኝ።

«ለሰርግ ነው» አልኩ።

የማን ሰርግ እንደሆነ ጠየቀች። ሌላ ስም አልመጣልኝም፣ የጌታቸው ነው አልኳት። ወረቀቷን ገለበጠች። ክሪፕቶውን ስሸጥ ስልኩ ምክንያት ሙላ ብሎኝ በእጄ የጻፍኩት ነገር አለ።

«እዚህ ላይ ለጌታቸው ቀብር ይላል» አለች። «ይህ ሰው ሞቷል ወይስ እያገባ ነው?»

አስተርጓሚዋ መተርጎም ጀምራ መሃል ላይ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ በአማርኛ፣ «ወንድሜ፣ እኔ እዚህ የሰማሁትን ለማንም ላልናገር ምዬ ነው የምሠራው። ለአክስቴም አልናገርም» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ መርዶው አስረዳሁ፣ እሷም እንባዋን እየጠረገች ተረጎመች። መርማሪዋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እኔ አምንሃለሁ፣ ግን ሁለት የተለያየ ቃል ሰጥተሃል፣ ቃልህን አልሰርዘውም፣ ምርመራው ወራት ይፈጃል አለችኝ። አልተቀየምኳትም። የአጎቴን ገንዘብ የበላውን የሚይዝ ካለ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ራሴን ነው የተቀየምኩት።

የቅሬው ልጆች ከኪሳቸው እንደገና አዋጡ። የተገኘው እዚሁ የመቃብር ቦታ ለመግዛት እንጂ አስከሬን ለማሳፈር አይበቃም። ቄስ አመጣን፣ ፈቱት፤ እኛ እስላሞቹ አካፋ ይዘን አፈር አለበስነው። አልሐምዱሊላህ፣ ከእሳት ዳነ። ለሆጤ ሽማግሌዎች ግን አስከሬኑ እንደማይመጣ ለመናገር አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ አጓተትኳቸው።

ትናንት እሁድ እትዬ አስካለ ራሳቸው ደወሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ። ጌታቸው ሥራ በዝቶበት ነው ልል ስል አቋረጡኝ።

«ተው ሰይዶ፣ አትድከም» አሉኝ። «ጎረቤቶቼ ቤቴ ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በየእሁዱ የሚደውል ልጅ ዝም ሲል እናት አይገባትም?»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። 

«ማወቄን ለሰዎቹ እንዳትነግር» አሉ። «ለእኔ ብለው ስንት ቀን ተጨንቀዋል። አስከሬኑ ሲገባ በወጉ ያረዱኝ፣ እኔም ያን ቀን እንደ ሰው አለቅሳለሁ። እስከዚያ እንዳላወቀ ሆኜ እጠብቃለሁ። አንተ ብቻ ቶሎ ላክልኝ፣ ልጄ።»

«እሺ እትዬ» አልኳቸው።

ጌታቸውን ከቀበርነው ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነው።